ከአንባቢዎቻችን፦ የመሪነት መምህር ምን ያስተምራል? ምንስ ያነባል?

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህር፣ ዘጌ ውስጥ በሚገኝ ትምህርት ቤት በምክትል ርእሰ መምህርነት ስሠራ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። መምህራኑም ወላጆችም ችግራቸውን ሁሉ ወደ እኔ ያመጣሉ፤ ቡና በሚለቀምበት ጊዜ ልጆች ከክፍል ሲቀሩም መፍትሔ የሚጠበቀው ከእኔ ነው። እርስዎ ባሕር ዳር መሪነትን እንደሚያስተምሩ ሰምቻለሁና፣ ለመሆኑ መሪነት በክፍል የሚማሩት ነገር ነው? ማስተማር የሚወዱት የትኛውን ርእስ ነው? ምን እንዳነብስ ይመክሩኛል?

መልስ፦ የተከበሩ እኅቴ፣ የዘወትር ሥራዬ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን ማስተማርና የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ማማከር ነው። ብዙዎቹ እንደ እርስዎ ሥራ ላይ የሚውሉ ርእሳነ መምህራን፣ የጤና ጣቢያ ኃላፊዎችና የወረዳ ባለሙያዎች ናቸው። ክፍሉ የሚሰጣቸው የገዛ ሥራቸውን ራቅ ብለው የሚያዩበትን ጊዜ ነው፤ ሥራ የሌለው ሰው ግን ከትምህርቱ ብቻ መሪ ሆኖ አይወጣም።

ከሁሉ አስበልጬ የማስተምረው አሜሪካዊው ሮናልድ ሃይፌትስ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው መጽሐፍ ያብራራውን ልዩነት ነው። አንዳንዱ ችግር ባለሙያ መጥቶ በታወቀ ዘዴ የሚፈታው ነው፤ ሌላው ግን ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ልማዳቸውን ካልለወጡ በቀር በማንም ዕውቀት አይፈታም። ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው መያዝ መሪን የሚያደክም፣ ሕዝብንም የሰው እጅ ጠባቂ የሚያደርግ ስሕተት ነው።

ይህን ለማስተማር ከጣና የተሻለ ክፍል አላገኘሁም። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን ይዤ በፎገራ በኩል ወደ ሐይቁ ዳር ወርጄ እምቦጭ የተባለውን የውኃ አረም በእጃችን ነቀልን። ሥሩ እንደ ጥቁር ጢም ተንዠርግጎ ውኃ እያንጠባጠበ ይወጣል፤ ያበጠው አገዳ እንደ ስፖንጅ ይሰበራል፤ የቀረችውም ቁራጭ መልሳ ታቆጠቁጣለች። ዘሩ ደግሞ በጭቃው ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። አረሙ በጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሕዝቡ በእጁም በማሽንም ሲያስወግደው ኖሯል፤ ይህ ድካም ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን አረሙን የሚያፋፋውን፣ ከማሳ ታጥቦ የሚገባውን ማዳበሪያ፣ ከከተማ የሚወርደውን ፍሳሽ፣ እስከ ውኃው አፋፍ የሚታረሰውን ባሕር ሸሽ መሬት የትኛው ማሽን ያስተካክለዋል? እዚህ ላይ ገበሬው፣ ነጋዴውና የከተማው ነዋሪ እያንዳንዳቸው የሚተዉት ነገር አለ፤ የመሪው ሥራም ያንን ከባድ ንግግር በመካከላቸው መክፈትና ሳይቋጩት እንዳይበተኑ መያዝ ነው። ተማሪዎቼ ይህን የተረዱት በጭቃ የተለወሰ እጃቸውን እየታጠቡ ሲከራከሩ እንጂ እኔ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አልነበረም።

ስለ ንባብ፣ የመሪነት መመሪያ መጻሕፍትን ለሥራዬ አነባለሁ፤ ወድጄ የማነበው ግን ልብ ወለድ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አንብበውት ይሆናል፤ ፊታውራሪ መሸሻ ከገበሬዎቻቸው ጋር የተጋጩበትን ክፍል ብቻ እንደገና ያንብቡልኝ። ማዕረጉ እንዳለ ነው፣ ተከታዩ ግን የለም፤ ሹመትና መሪነት የሚለያዩበትን ቦታ ከዚህ አጥርቶ ያሳየኝ የንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ አላገኘሁም።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ስመለስ፣ የተሰበረ ወንበርና የተዛባ የክፍለ ጊዜ ድልድል የእርስዎ ነውና ዛሬውኑ ይጨርሱት። የቡናው ለቀማ ግን የቤተሰብ ገቢና የልጅ ትምህርት የተገናኙበት ስለሆነ ብቻዎን ሊፈቱት አይችሉም፤ ሊፈቱትም አይገባም። ለቀማው ሳይጀመር ወላጆችንና መምህራንን አንድ ላይ ይጥሩ፣ ባለፈው ዓመት ከየክፍሉ ስንት ልጅ ስንት ቀን እንደቀረ ከስም መጥሪያው አውጥተው ያንብቡላቸው፤ ከዚያም «ምን እናድርግ?» ብለው ይጠይቁና፣ ዝምታው ቢረዝምም መልሱን ቀድመው አይስጧቸው።