ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የሳይሊየም ዱቄት ለሆድ ድርቀት ይበጃል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ48 ዓመት የድሬዳዋ፣ የሳቢያን ነዋሪ ነኝ። ለስኳር ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ እወስዳለሁ። ሆዴ እየደረቀ ተቸግሬአለሁ፤ አንዳንዴ ሦስት አራት ቀን ሰገራ ሳይመጣልኝ ይቆያል። ከሰዓት በኋላ እቅማለሁ። እህቴ ከውጭ ሳይሊየም የሚባል ዱቄት ልካልኛለች። ስኳርም ኮሌስትሮልም ይቀንሳል አለችኝ። ልውሰደው?

መልስ፦ መውሰድ ይችላሉ። እህትዎ ያሉትም እውነትነት አለው። ሳይሊየም በብዛት ህንድ ውስጥ ከሚመረት ተክል ፍሬ ገለባ የሚገኝ ፋይበር ነው። ሆድ አይፈጨውም። ውኃ ሲያገኝ እንደ ተልባ ይሟልጣል፤ ሰገራውን የሚያለሰልሰውም ይኸው ነው። ከምግብ ጋር ሲሆን ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል። በየቀኑ 10 ግራም ገደማ ለሳምንታት ከተወሰደ ደግሞ መጥፎውን ኮሌስትሮል በመጠኑ ዝቅ ያደርጋል። በመጠኑ ነው። ሜትፎርሚንዎን የሚያስጥል ነገር አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ውኃው ነው። የድሬ ሙቀት ብቻውን ሰውነትን ያደርቃል። በዚያ ላይ ጫቱ አለ። በውስጡ ያለው ታኒን ሆድ ያደርቃል፤ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። ከበርጫ የተነሳ ሰው እራት ደህና አድርጎ አይበላም፤ ካልበላ ደግሞ ፋይበር ከየት ያገኛል? ውኃ ሳይጠጡ ሳይሊየም ቢወስዱ ድርቀቱ ይብሳል። ጉሮሮ ወይም አንጀት ላይ ተጓጉሎ ሊዘጋም ይችላል።

ከምሳ በፊት ቢወስዱት ጥሩ ነው፤ ከሜትፎርሚኑም በሰዓታት ይራራቃል። አንድ የሻይ ማንኪያ በትልቅ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠው፣ ሳይወፍር ወዲያው ይጠጡት። ደረቁን ፈጽሞ አይቃሙት። ሌላ ብርጭቆ ውኃ ያስከትሉበት። መጀመሪያ ላይ ሆድ ይነፋል፣ ቀስ በቀስ ይለምደዋል። ለውጡን በ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ያዩታል። ከሳምንት በኋላ ካልበቃዎት ወደ ሁለት ማንኪያ ከፍ ያድርጉት፤ ውኃውም አብሮ ይጨምር። ማሸጊያውንም ያንብቡ፣ ስኳር የተጨመረበት ዓይነት አለ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የምትወስዱ አንባቢዎች ግን ስኳራችሁ እንዳይወርድ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ።

ጫቱን ቢተዉት እመርጣለሁ። ካልሆነም ይቀንሱት፤ አጠገብዎ ያለው ለስላሳ መጠጥ ሳይሆን ውኃ ይሁን። እራት አይዝለሉ። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ የማሽላ እንጀራ ሁሉም ፋይበር አላቸው። ቀፊራ ገበያ ከወጡ ፓፓያና ዘይቱን ይግዙ፤ ለስኳርዎ ሲባል ግን በልክ።

አንድ ነገር አደራ። ሰገራ ላይ ደም ካዩ «ኪንታሮት ነው» ብለው አይለፉት፤ ያለ ምክንያት ከከሱም እንዲሁ ቶሎ ይመርመሩ። ሆድዎ ተነፍቶ ካስመለሰዎት፣ ፈስም ሰገራም እንቢ ካለ ደግሞ ዱቄቱን አቁመው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።