የሞተር ቤንዚን ታንክ ለምትሠሩ ልጆች፦ ከክዳኑ ጀምሩ

ልጆቼ፣

ባለፈው መጋቢት አንድ ጎረምሳ ሞተሩን እየገፋ ግቢዬ ገባ። ከቱሉ ዲምቱ ጀምሮ ፀሐይ አናቱን እየበሳው ነው የገፋው። ሞተሩን የሠራው ራሱ ነው። ቴላዮውን፣ ማለት የሞተሩን አጽም፣ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ በለቃቀመው ቱቦ በይዶ፣ ኢንጂኑን ከተጋጨ ቦክሰር ሞተር አውርዶ፣ ታንኩን ከላሜራ ቀጥቅጦ። ቀለሙ ያስጎመጃል። «ጋሼ፣ አስር ደቂቃ ይሄድና ቀጥ ይላል» አለኝ። ካንዴላ ቀይሯል፣ ካርቡሬተር ሁለቴ አስጠርጓል፣ ኮይልም ገዝቷል። ያወጣውን ብር ሲነግረኝ እኔ ደነገጥኩ።

የታንኩን ክዳን ላላ አደረግኩት። ፍሽሽ ብሎ አየር ሳበ። ትንሽ ቆይቼ «በል አስነሳው» አልኩት። በአንድ ምት ተነሳ።

ክዳኑን ቶርኖ ቤት ነው ያስቀረጸው። ወፍራም አሉሚኒየም፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ። መተንፈሻ ግን የለውም። ቤንዚን በወረደ ቁጥር በቦታው አየር ካልገባ ታንኩ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ቤንዚኑም መውረዱን ያቆማል። ጀሪካን ሙሉ ዘይት ዘቅዝቃችሁ ስትቀዱ ጉልቅ ጉልቅ የሚለው እኮ አየር እየለመነ ነው።

ክዳኑን ዝም ብላችሁ ብሱት እያልኩ አይደለም። ሞተሩ የወደቀ ቀን በዚያች ቀዳዳ የሚፈሰው ቤንዚን የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ነው የሚያርፈው። ለልጁ የሠራንለት እንዲህ ነው፦ ቀጭን ቱቦ በታንኩ ውስጥ እስከ ጣሪያው ድረስ ወጣች፣ ታች ጫፏ በሆዱ በኩል ብቅ አለች፣ እዚያ ላይ የጎማ ቱቦ ገጥመን ከጭስ ማውጫው ራቅ አድርገን ወደ መሬት ለቀቅናት። የግማሽ ቀን ሥራ ናት። ቤንዚን የቀመሰ ታንክ ላይ ግን ጀማሪ አይሞክራት፤ ምክንያቱን ታች እነግራችኋለሁ።

እኔ ላሜራ መቀጥቀጥ ከጀመርኩ 40 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ወጣት ሁሉ የታንክ ቅርጽ ይወዳል። እኔም እወዳለሁ። ግን ሆዱን መሥራት ቀላሉ ነው። መጀመሪያ በካርቶን ቁረጡት፣ ቴላዮው ላይ አስቀምጡት፣ ቁመት በወርድ በከፍታ አባዙ፤ 10,000 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 10 ሊትር ነው። ቴላዮው የሚያልፍበትን ጎድጓዳ መቀነስ አትርሱ። ሰው የሚከስረው በትንንሾቹ ዕቃዎች ነው።

የቤንዚን መክፈቻው የሚታሰርበትን ቦታ ውሰዱ። ላሜራው ላይ በቀጥታ ፊለት (የብሎን ጥርስ) አውጥቶ የሚያስር ልጅ አይቻለሁ። አንድ ሚሊ ላሜራ ስንት ጥርስ ይይዛል? አንድም አይሞላ! ከብረት 10 ሚሊ ውፍረት ያለው ቀለበት አስቀርጹ፣ ፊለቱን አስወጡበት፣ ታንኩ ሁለት ግማሽ ሆኖ ሳይዘጋ በይዱት። ብየዳው ፊለቱን ስለሚያጣምመው ሲቀዘቅዝ ፊለት ማውጫውን እንደገና አስኪዱበት። ቦታው የታንኩ ዝቅተኛ ጥግ ይሁን፣ ከካርቡሬተሩ ግን ከፍ ይበል፤ ፓምፕ የላችሁም፣ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው።

መክፈቻው ሥር ከካላማዳሪያ (ከውስጥ ጎማ) የተቆረጠ ጓርኒሲዮን፣ ማለት ማሸጊያ፣ አታድርጉ። ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ያንጠባጥባል። ቤንዚን የሚችል ጎማ ጠይቃችሁ ግዙ። ካላማዳሪያው ሌላ ቦታ ይጠቅማችኋል፤ የታንኩ እግሮች ቴላዮው ላይ የሚያርፉበት ሥር አንጥፉት። ብረት ለብረት ከታሰረ ንዝረቱ ብየዳውን ይሰነጥቀዋል።

ታንኩን ከጣሪያ ቆርቆሮ አትሥሩ። ሚስማር ተራ ሆነ ሌላ ቦታ በርካሽ ስላገኛችሁት አትጓጉ። ጀማሪ ሳለሁ ቀኑን ሙሉ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ በዝግ ቤት ስበይድ ዋልኩ። ማታ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ፣ ወባ መስሎኝ ነበር። የዚንኩ ጭስ ነው። ወተት ጠጣ አሉኝ፣ ጠጣሁ። ወተቱ ጣፋጭ ነበር፣ ሌላ ጥቅም አላየሁበትም። በር መክፈት ይሻላል።

ስለ ፍተሻ ላውራ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ የራሴ ኃጢአት አለ። የመጀመሪያ ታንኬን ጨርሼ ማፍሰሱን ለማየት የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ለቀቅኩበት። ሳሙናውን ሳልቀባ ታንኩ ድም ብሎ እንደ ነፍሰ ጡር በግ ተነፋ። ሒሳቡን ያወቅኩት በኋላ ነው። በ1 ባር ግፊት እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር አንድ ኪሎ ያህል ይሸከማል። 30 በ20 የሆነ ጎን 600 ኪሎ ማለት ነው፤ ስድስት ኩንታል ጤፍ በአንድ ሚሊ ላሜራ ላይ! እናንተ በብስክሌት ፓምፕ፣ ጌጅ እያያችሁ፣ ከ0.2 ባር ሳታልፉ ንፉ። የሳሙና አረፋ ቀቡና አረፋው የት እንደሚያድግ እዩ። ያ ታንኬ አሁንም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ደንበኛ «ይሄ ምን ዓይነት ሞዴል ነው?» ሲለኝ ዝም እላለሁ።

ያገለገለ ታንክ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ አልቀልድም። «ባዶ ነው» የሚባለው ታንክ ከሞላው ይብሳል። የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ አየር ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን ደግሞ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። አብሮኝ የሠራ በያጅ፣ ከወር በፊት የደረቀ ታንክ ላይ እሳት አስነካ። ታንኩ ፈንድቶ ጣሪያውን በስቶ ወጣ። እሱ ጎን ቆሞ ስለነበር ተረፈ። ዛሬ በግራ ጆሮው አይሰማም። እና ጀማሪ ከሆናችሁ ቤንዚን የቀመሰ ታንክ አትበይዱ። አዲስ ሥሩ።

ሲሞላም እስከ አፉ አይደለም። ቤንዚን በ10 ዲግሪ ሙቀት አንድ በመቶ ያህል ይጨምራል። ጠዋት አቃቂ ሞልታችሁ ከሰዓት አዳማ ፀሐይ ላይ ብታቆሙት ትርፉ መውጫ ይፈልጋል።

ሊብሬና ሰሌዳ የሌለው ሞተር አስፋልት ላይ እንደማይወጣ ታውቃላችሁ። በተለይ አዲስ አበባ በሞተሮች ላይ ገደብ ካወጣችበት ከ2011 ዓ.ም. ሰኔ ወዲህ ከተማው በሞተር ጉዳይ አይቀልድም። ያንን ለትራፊክ ፖሊስ እተዋለሁ።

ያ ልጅ ባለፈው ሳምንት ተመልሶ መጣ። ለጓደኛው የሠራው ሌላ ታንክ ይዟል፣ ገና ቀለም አልነካውም። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ የቱቦውን ጫፍ እጄ ላይ አስያዘኝ፣ የቤንዚን መውጫውን በአውራ ጣቱ ደፈነ፣ በታንኩ አፍ በኩል እፍ አለበት። ንፋሱ መዳፌን መታኝ።