«ከሰረ» እና «ደኸየ» አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ «ነጋዴው ከሰረ» እና «ነጋዴው ደኸየ» ልዩነት አላቸው? ወዳጄ «ከሰረ» ዐረብኛ እንጂ አማርኛ አይደለም ይለኛል። «ደኸየ»ስ በየትኛው «ሀ» ይጻፋል?

መልስ፦ ልዩነቱን ለማየት የገንዘብ መጠን ያስገቡበት። «10 ሺህ ብር ከሰረ» ይባላል፤ «10 ሺህ ብር ደኸየ» የሚል ግን የለም። መክሰር የሒሳብ ነገር ነው፤ ባለጠጋም ሳይደኸይ ይከስራል። መደኽየት የኑሮ መውረድ ነው፤ ስለዚህ ከድሃ ቤት ተወልዶ በዚያው የኖረ ሰው «ድሃ ነው» እንጂ «ደኸየ» አይባልም። «ቸገረው» ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። እዚያ ሰውየው ባለቤት ሳይሆን ተሳቢ ነው፤ ችግሩም ለዛሬ ብቻ ሊሆን ይችላል። ምንም ያልቀረው ሲሆን «የነጣ ድሃ» እንላለን፤ ከሁሉም የሚከፋው እሱ ነው።

ወዳጅዎ ስለ ምንጩ አልተሳሳቱም። «ከሰረ» ከዐረብኛው «ኸሲረ» (ጎደለበት፣ አጣ) የመጣ ነው። የዐረብኛው «ኸ» ወደ «ከ» መለወጡ «ካዝና» ላይም ይታያል። ግን «ይከስራል፣ ከስሮ፣ አክሳሪ» እያልን እንደ ማንኛውም ግሳችን ካረባነው በኋላ አማርኛ አይደለም ማለት አይቻልም። ደግሞም ሥሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ግእዝ «ኀስረ» አለው፣ ተዋረደ፣ ጎሰቆለ ማለት ነው። ስሙ «ኀሳር» ነው። «አሳሩን አየ» የምንለው ከዚያ ነው። ኪሳራና አሳር፣ አንዱ በዐረብኛ ሌላው በግእዝ በኩል የመጡ ዘመዳሞች ናቸው።

ለመደኽየት ግእዙ የሚጠቀመው «ነድየ»ን ነው፤ «ነዳያን» ከዚህ ይወጣል። የግእዝ ጽሑፍ ሲያነቡ «ንዴት»ን እንደ ቁጣ እንዳይወስዱት፤ እዚያ ድህነት ነው። የአማርኛው ንዴት ከ«ነደደ» የመጣ ሌላ ቃል ነው።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ «ሀ» በአማርኛ እንደ «ሃ» ስለሚነበብ «ደሀየ» ብለው ቢጽፉ አንባቢ «ደሃየ» ይለዋል። ትክክለኛውን ድምፅ የሚይዘው «ኸ» ነው፦ ደኸየ፣ ይደኸያል፣ አደኸየ። በሳድሱ ግን «ኽ»ም «ህ»ም ያው ይነበባሉ፤ «ደኽይቶ»ን «ደህይቶ» ብሎ የጻፈ አልተሳሳተም። «ድህነት» በ«ህ» ተለምዷል። «ድሃ»፣ «ደሃ»፣ «ድሀ» ሁሉም በጽሑፍ ይገኛሉ፤ የመረጡትን በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አይለዋውጡት።