ባለቤቴ ድግስ አልፈልግም አለች

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ የተጋባነው እሑድ ጥር 18 ቀን 1978 ዓ.ም. ነው። ያኔ ስኳር በራሽን ከቀበሌ ሱቅ ነበር የሚገኘው። የሰርጋችን ሻይ የተፈላው ጎረቤቶች ከየድርሻቸው አዋጥተው ነው። አሁን የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ዘንድሮ 40 ዓመት ይሞላናል። ሥራ አጥቼ በተቀመጥኩበት ዘመን ሌሊት እየተነሳች እንጀራ ጋግራ ለሱቅ እያስረከበች ልጆቻችንን ያሳደገች ሴት ናት። ልጆቹ አዳራሽ እንከራይ ይላሉ። እሷ ግን “ምን ድግስ ያስፈልጋል፣ ተዉኝ” ትላለች። ሳላከብራት ቀኑ እንዲያልፍ አልፈልግም። ምን ይሻለኛል?

የቱሉ ዲምቱው አባወራ

መልስ፦ ጋሼ፣ “ሳላከብራት ቀኑ እንዲያልፍ አልፈልግም” ያሉት ልቤን ነካው። ባለቤትዎ የታደሉ ናቸው።

እስቲ ልጠይቅዎ። እናንተ ቤት ድግስ ሲኖር ማን ነው የሚሠራው? ጠላውን ማን ይጠነስሳል? ሽንኩርቱን ማን ያቁላላል? ኮሚናል ወርዶ ጭስ ሲታጠን የሚውለውስ? እሳቸው ይመስሉኛል። እንግዲህ “ድግስ” ሲባሉ የሚታያቸው ጌሾና ምጣድ ቢሆን አይፈረድባቸውም። ተዉኝ ያሉት ድካሙን እንጂ ክብሩን አይመስለኝም።

ይህን የምለው እናቴን አይቼ ነው። ሰበታ ቤታችን የጋብቻቸው 25ኛ ዓመት ሲከበር ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። በአልበሙ ውስጥ ግን እናቴ አትታይም። ጓዳ ነበረች። አባቴ ኬኩን የቆረሰው ከአጎቴ ጋር ነው። እስከ ዛሬ ያንን አልበም ሳገላብጥ ይቆጨኛል።

ስለዚህ አዳራሹ ይቅር። ምግቡን ሴት ልጆችዎና ምራቶችዎ ይከፋፈሉት፣ አቅም ካለ ደግሞ ኬተሪንግ ይዘዙ። እንጀራውም ከውጭ ይምጣ። በእጃቸው የኖረ ሙያ ነውና ቅር ሊላቸው ይችላል፤ ለአንድ ቀን ይቻሉት። እንግዳው ጥቂት ይሁን። ያኔ ስኳራቸውን ካዋጡት ጎረቤቶች በሕይወት ያሉትን ግን ፈልገው ያስጠሩ። ሚዜዎቻችሁንም። የሰርጉ ፎቶ ካለ ፎቶ ቤት ወስደው ያሳድጉት።

ከሁሉ የምለምንዎ ግን ይህን ነው። በልጆችዎና በልጅ ልጆችዎ ፊት ቆመው ለእኔ የጻፉልኝን ይናገሩ። “ሥራ ባጣሁ ጊዜ እናታችሁ ሌሊት እየተነሳች ጋግራ አሳደገቻችሁ” ይበሉ። እኛ ዘንድ ሚስት የምትመሰገነው ብዙ ጊዜ ለቅሶ ቤት ነው፣ እሷ በማትሰማበት። እሳቸው በጆሯቸው ይስሙት። ሊያፍሩና “ኧረ ተው” ሊሉ ይችላሉ። እርስዎ ግን አያቋርጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። በደብዳቤዎ አልገለጹትም እንጂ፣ ኦርቶዶክሳውያን ከሆናችሁና ጋብቻችሁ በሰማንያ ብቻ ከነበረ፣ አብሮ መቁረብን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት። የተክሊሉ ጊዜ ቢያልፍም ቁርባኑ አያልፍም። በስተርጅና እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚቆርቡ ባልና ሚስት ሳይ ከየትኛውም ሰርግ በላይ ደስ ይለኛል። የቆረበ ሰው ደግሞ ያን ቀን ሥራ አይሠራም። ባለቤትዎን ከምጣድ የሚያስጥል ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለም። ብቻ አስቀድመው እሳቸውን ይጠይቁ። ልጆቹ ሳይሰሙ፣ ቡና ላይ፣ “አንቺ ምን ብናደርግ ደስ ይልሻል?” ይበሏቸው። ሌላ ነገር ካሰቡ የእሳቸው ይቅደም።

ጥር 18 ዘንድሮ ሰኞ ነው የሚውለው። ልጆቹ ከሥራ ፈቃድ ካላገኙ እሑድ ጥር 17 ያድርጉት፤ ለቅዳሴውም ይመቻል። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ስለሚገባ ከዚያ ባያሳልፉት ጥሩ ነው።