ቴሌስኮፑ ይቆይ፣ መጀመሪያ የበሩ አምፖል

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ያየሁት ዘግይቼ ነው። «ደሴ ፒያሳ አካባቢ ተከራይተን ነው የምንኖረው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ኮከብ ኮከብ ይለኛል። ጣሪያ ላይ ወጥተን ስንቆጥር ግን ሃያ እንኳ አልሞላልንም። ቴሌስኮፕ ልግዛለት ወይስ ከከተማ ይዤው ልውጣ?» ነው ያልሽው። ብዙዎች የቴሌስኮፕ ዓይነት ጽፈውልሻል። እኔ ግን አትግዢ ባይ ነኝ። ቢያንስ ዘንድሮ።

አዲስ አበባ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። የመጀመሪያዋን ቴሌስኮፕ የገዛሁት እዚያ ነው። ካርቶኑ ላይ «675 ጊዜ ያጎላል» ይላል። ከጎኑ የሳተርን ፎቶ አለ፣ ቀለበቱ ቁልጭ ብሎ። የፊት መስታወቱ ስፋት 60 ሚሊሜትር ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት አንድ ቴሌስኮፕ በደህናው ቀን የሚያጎላው የመስታወቱን ሚሊሜትር ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ከዚያ በላይ ማደብዘዝ እንጂ ማጉላት አይባልም። የኔዋ 120 ከደረሰች ጎበዝ ነች ማለት ነው። እግሯ ደግሞ ትንፋሽ ሲነካት ትንቀጠቀጣለች። ኮከብ ፍለጋ ሳዞራት አብዛኛውን ጊዜ የሚታየኝ ማዶ ብሎክ የተሰጣ ልብስ ነበር። ግማሽ ዋጋዋን እንኳ ሳላገኝ ሸጬ ተገላገልኩ።

ቴሌስኮፕ የከተማ ብርሃን አያጠፋም። ኮከቦቹ አሉ፣ የትም አልሄዱም። ሰማዩ ራሱ ስለነጣ ነው የተዋጡት። እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። እነሱም ቢሆኑ ከሥራቸው ያለው ከተማ እየደመቀባቸው ነው። ለትልቅ መመልከቻ የሚሆን ቦታ ሲጠና ላሊበላ አጠገብ ያለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ መታየቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ሀብቱ እኛ ጋ ነው ማለት ነው።

ደሴ ግን አዲስ አበባ አይደለችም፣ አብሽሪ። የከተማ ብርሃን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወደ ላይ ወጥቶ አቧራና ጭጋግ ላይ እየተበተነ ሰማዩን የሚያነጣው ነው። ለእሱ አንቺም እኔም አቅም የለንም። ሌላው በቀጥታ ዓይንሽ ውስጥ የሚገባው ነው፤ የጎረቤት በር አምፖል፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የመንገድ መብራት። ደሴ ላይ ያየሁት ትልቁ ጠላት ይኼኛው ነው። ለእሱ ደግሞ መላ አለው።

የኛ ጎረቤት ሐጂ በራቸው ላይ ነጭ ኤልኢዲ ሰቅለው ነበር። ግማሹ ብርሃን የሚያድረው የኔ ግቢ ውስጥ ነው። አጥፉልኝ ማለት አይቻልም፤ ሌባ ላስገባ ነው ወይ ይሉኛል፣ እውነታቸውንም ነው። አንድ ቅዳሜ ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ቂጡን በሳሁና አምፖሉ ላይ እንደ ቆብ ደፋሁላቸው። ሙቀት እንዲወጣ ከላይ ቀዳዳ ትቼለታለሁ። ብርሃኑ በሙሉ ቁልቁል ወረደ፤ በሩ ሥር እንዲያውም ከበፊቱ ደመቀ። ሐጂ ቀና ብለው አዩና «እስካሁን ታዲያ ለአሞራ ነው ሳበራ የኖርኩት?» አሉ። የዚያን ዕለት ማታ ከግቢዬ የሚታየው ኮከብ በእጥፍ ጨመረ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንቺ ተከራይ ስለሆንሽ ጣሳ መስቀል ካስቸገረሽ የውሃ ታንከሩን ወይም ግድግዳውን ከለላ አድርገሽ ጥላው ውስጥ ተቀመጪ። ካልሆነም ገመድ ላይ ብርድ ልብስ ዘርጊበት።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ዓይን ጨለማ የሚለምደው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው አምስት ደቂቃ ያይና «ምንም የለም» ብሎ ይገባል። በመሀል አንዴ ስልክሽን ከከፈትሽ ሀ ብለሽ ትጀምሪያለሽ። መብራት የግድ ካስፈለገ ባትሪው ላይ ቀይ ፌስታል ሁለት ሦስት እጥፍ አድርገሽ እሰሪበት፤ ቀይ ብርሃን ዓይን ብዙም አያበላሽም።

ለልጅሽ መለኪያ ልስጠው። ከኅዳር እስከ የካቲት ማታ ማታ ሰባቱ ኮከቦች የሚባሉትን ዘለላ ፈልጉ፤ ትንሽ የወይን ዘለላ የምትመስለዋን። ስንት እንደሚታየው ይቁጠር። እኔ አዲስ አበባ ከአራት አልፌ አላውቅም። ደሴ ጣሳው ከተሰቀለ በኋላ ስድስት ደርሻለሁ። ከደሴ ወጣ ብላ ያለችው ኩታበር ላይ እኔ ሰባት ስል የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ቆጠረች፤ የልጅ ዓይን ሌላ ነው። ጨረቃ፣ ቬነስ፣ ጁፒተርና ሳተርን ደግሞ የከተማ ብርሃን ብዙም አይነካቸውም። ፒያሳ መሀል ሆናችሁ ታዩዋቸዋላችሁ።

ገንዘብ ላውጣ ካልሽ ባይኖኩላር ግዢ። 7 በ50 ወይም 10 በ50 የተጻፈበትን። የመጀመሪያው ቁጥር የሚያጎላው ነው፣ ሁለተኛው የመስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር። ክርንሽን ግድግዳ ላይ ካስደገፍሽ ጋሊሌዮ በፈረንጆች 1610 ያያቸውን አራቱን የጁፒተር ጨረቃዎች ታያለሽ። በጥር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ አናት ላይ ይሆናል። መታጠቂያው ከሚባሉት በአንድ መስመር ከተደረደሩት ሦስት ኮከቦች ሥር ደብዘዝ ያለ ጉም የመሰለ ነገር አለ። ኮከብ የሚወለድበት ደመና ነው፤ ከከተማም ይታያል። ባይኖኩላሩን ቀን ወደ ፀሐይ እንዳያዞር ግን አጥብቀሽ ንገሪው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይ የእሳት ቀለበት ሆና ስትታይ እኛም ደሴ ላይ እንደ ማጭድ ቀጥና አይተናታል። ያኔ ያለ መከላከያ መነጽር ሊያይ የሚሞክረው ሰው ብዛት አስደንግጦኛል።

አሁን ስለ መውጣቱ። ለጀማሪ ኩታበር አቅጣጫ ይሻላል፤ ቅርብ ነው፣ ከፍታም አለው። ሐይቅም ደስ ይላል፣ ግን ከዚያ ሆነሽ ወደ ደቡብ ስታዪ የደሴና የኮምቦልቻ ብርሃን ፊትሽ ይጋረጣል። ደቡብ ሰማይ ካማረሽ ወደ ወረኢሉ በሚወስደው መንገድ ጉጉፍቱ አካባቢ ነው፤ ብርዱን ከቻልሽ። ምንጊዜም ከተማውን ከጀርባሽ አድርጊ። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ስለሆነ ሰሜንንም ደቡብንም እናያለን። በግንቦት ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ የደቡብ መስቀል የሚባሉት አራት ኮከቦች ከአድማስ ሁለት ጭብጥ ያህል ከፍ ብለው ይቆማሉ፤ ክንድሽን ዘርግተሽ ጭብጥሽን አነባብረሽ ለኪው። የሰሜን ኮከብ ግን አንድ ጭብጥ ብቻ ናት፣ ደሴ ውስጥ ጋራው ይበላታል።

ፍኖተ ሐሊብን፣ ሰማዩን እንደ ነጭ መንገድ የሚያቋርጠውን የኮከብ ጎርፍ፣ ለማየት ክረምቱ ምርጥ ጊዜ ነበር፣ ደመናው ከለከለን እንጂ። ስለዚህ ሁለት ምርጫ አለሽ። በሚያዝያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት፣ ወይም በመስከረም መጨረሻ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ማየት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፣ ልጅም ከእንቅልፉ አይቀሰቀስም። የደመራ ማታ ብቻ አትውጪ፣ ጭስ ነው። በ2014 ኅዳር በጦርነቱ ከተማው መብራት አጥቶ ሳለ ፍኖተ ሐሊብ ከግቢያችን ወለል ብሎ ይታይ ነበር። ማን ቀና ብሎ ሊያይ።

ጨለማውን ሌሊት ለመምረጥ አፕ አያስፈልግሽም። ቤትሽ የሂጅራ ካላንደር ከሌለ ሙስሊም ጎረቤትሽን ጠይቂ። ከወሩ 20 በኋላ ጨረቃ ዘግይታ ስለምትወጣ ምሽቱ ጨለማ ነው፣ እስከ አዲሱ ወር 3 ድረስ።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ ብቀር ይቆጨኛል። ገጠር ማታ ዝም ብለሽ እንዳትሄጂ። ጊዜው እንደምታውቂው ነው። የመንገዱን ሁኔታ ቀድመሽ አጣሪ፣ የአካባቢውን ሰው በቀን አናግሪ፣ መመለሻ መኪና ያዢ። እኔ አንድ ጊዜ ሳላስፈቅድ ኩታበር መንገድ ላይ ባይኖኩላሬን በሦስት እግር አቁሜ ሳይ ሁለት ሰዎች ዱላቸውን ይዘው መጡ። ትልቁ አባት «ምኑን ነው የምትለካው?» አሉኝ። መሬት ሊቀንስባቸው የመጣሁ ቀያሽ መስያቸዋለሁ።

«አባባ፣ በጨለማ የሚለካ ቀያሽ አይተው ያውቃሉ?»

«እሱማ ነው የጠረጠርነው» አሉ።

ጎንበስ ብለው እንዲያዩ ለመንኳቸው። ጁፒተር ላይ ነበር ያነጣጠርኩት። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ልጃቸውን ጠሩት። «ና እስቲ፣ ይቺ ጫጩቶች ይዛለች» አሉት። ዱላው መሬት ላይ ተጋደመ። ሳንለያይ ሌሊቱ 6 ሰዓት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስሄድ መጀመሪያ የምደርሰው እሳቸው ቤት ነው፣ ስኳርና ቡና ይዤ።

ጋቢ ድርብ ያዢ፣ በታኅሣሥ ውርጭ አለ። መሬት ላይ የሚነጠፍ ሰሌንም አትርሺ፣ አንገት የሚያሳምመው ቆሞ ማየት ነው። እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ ጣሪያው ላይ ጥላ ፈልጋችሁ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ልጅሽ ስንት እንደቆጠረ እዚሁ ጻፊልኝ።