ብርሃን ካላመለጠ ጄቱ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። ጥቁር ቀዳዳ ብርሃን እንኳ አያስወጣም ተብለን ነው የተማርነው። ሰሞኑን ደግሞ ፌስቡክ ላይ «ጥቁር ቀዳዳ ፈንድቶ ጄት ረጨ፣ ጄቱም ከብርሃን ፈጥኖ ታየ» የሚል አነበብኩ። የቱን ልመን?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ የተማርከው ልክ ነው። ከውስጥ የወጣ ነገር የለም። ጄት የሚሉት በኃይል የሚወነጨፍ የጋዝ ጅረት ነው፤ የሚነሳውም ገና ሳይዋጥ ደጃፉ ላይ ከሚዞረው ጋዝ ነው። ጥቁር ቀዳዳው ከጎረቤት ኮከብ ጋዝ ይስባል፣ ጋዙም በዙሪያው እየተሽከረከረ ዲስክ ይሠራል። ዲስኩ ለዓመታት ዝም ብሎ ሲያጠራቅም ይቆይና አንድ ቀን ሚዛኑን ስቶ ወደ ውስጥ ይጎርፋል፤ ያኔ በሚሊዮን የሚቆጠር ዲግሪ ይግልና ኤክስሬይ ይተፋል። ፍንዳታ የሚሉት ይሄን ነው፣ ቀዳዳው ራሱ የትም አይፈነዳም። በዚህ ግርግር መሃል የማግኔት ኃይል ከጋዙ የተወሰነውን ይዞ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ያስፈነጥረዋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ዲስኩ እንዲህ የፈነዳበትን ማክሲ ጄ1820+070 የተባለ ጥቁር ቀዳዳ ተመልከት። ከፀሐይ 8 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፣ ርቀቱ 10,000 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ጄቶቹን ደቡብ አፍሪካ ያለውን ባለ 64 ሳህኑን ሚርካትን ጨምሮ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ተከታተሏቸው፤ ኤሌክትሮኖች በማግኔት መስክ ዙሪያ እየተጠማዘዙ ሲከንፉ የሬዲዮ ሞገድ ይለቃሉና። ኤክስሬይን ግን አየራችን ስለማያሳልፈው ሕዋ ላይ ያለው የናሳ ቴሌስኮፕ ቻንድራ ነው ያየው፣ ከኅዳር 2018 እስከ ሰኔ 2019 አራት ጊዜ። ከፍንዳታው ወራት አልፈውም ጄቶቹ በኤክስሬይ ያበሩ ነበር፤ በኮከቦች መካከል ካለው ጋዝ ጋር እየተላተሙ መሆኑ ነው። እኔን ከሁሉም የሚደንቀኝ ይሄኛው ነው።

አንደኛው ጄት በብርሃን ፍጥነት 60 በመቶ፣ ሌላኛው በ160 በመቶ የሚሄድ መሰለ። ፌስቡክህ ያገነነው ይሄን ነው። ስልክ በሌለበት ዘመን ወንድምህ ከደሴ «ተነስቻለሁ» የሚል ወረቀት በመኪና ልኮ፣ እሱም ወዲያው በሌላ መኪና እግር በእግር ተከተለ እንበል። ወረቀቱ በደረሰህ በ5 ደቂቃ እሱም ከች ይላል። ከወረቀቱ ጀምረህ ከቆጠርክ የሐረጎን ቁልቁለት በ5 ደቂቃ የወረደ ይመስልሃል፣ ያ ሁሉ ጠመዝማዛ! ወደ እኛ ያዘነበለው ጄትም የራሱን ብርሃን ተረከዝ ተረከዙን ስለሚከተል ነው የፈጠነ የሚመስለው፤ የሚርቀው ደግሞ በተቃራኒው የዘገየ ይመስላል። እውነተኛው ፍጥነታቸው ከብርሃን ከ80 በመቶ በላይ ቢሆንም ብርሃንን አልቀደሙም።

ጥያቄ፦ ከጦሳ ተራራ ላይ ሆኜ በተራ ቴሌስኮፕ አየዋለሁ? (ከደሴ)

መልስ፦ ጄቱን አታየውም። ዲስኩ ግን በ2018 ደምቆ ሳለ በአማተሮች ቴሌስኮፕ እንደ ደብዛዛ ኮከብ ይታይ ነበር። ሌላ እስኪፈነዳ መጠበቅ ነው፣ ያውም ክረምት ላይ ካልሆነ፤ የሬዲዮ ሞገድ ደመና አይከለክለውም፣ የደሴ ጉም ግን አንተን ይከለክልሃል።