ካርታው በማን ስም ነው?

አገር ቤት ንብረት ለመግዛት ገንዘብ የምትልኩ ወገኖቼ፣ ቤቱ ስንት ክፍል እንዳለው ልትነግሩኝ አትድከሙ። ካርታው በማን ስም ነው? እዚህ ላይ ሲደርስ ብዙው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለጊዜው በወንድሜ ስም ነው» ይላል። ይህን «ለጊዜው» ስሰማ ደሜ ይፈላል።

1. ወረቀት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በስሙ ቤት እንዳይገዛ የሚከለክለው የለም። ዜግነት የቀየራችሁ ደግሞ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አውጡ፤ አዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ይህን መብት ከሰጠ ቆይቷል። ሰበብ አታብዙ።

2. ውክልና። ቤቱን በስማችሁ የሚገዛላችሁ ሰው መወከል ትችላላችሁ፤ ኤምባሲ ስትሄዱ ግን የምትፈርሙበትን አንብቡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቤት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ይጠይቃል። እናንተ ለመግዣ ብላችሁ ሄዳችሁ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ» የሚለውን አብራችሁ ታሸክሙታላችሁ። ማን ጠየቃችሁ? ግዢው ሲያልቅ ደግሞ ውክልናውን ሻሩት።

3. የወንድም ስም። ቤይሩት በሰው ቤት ስትሠራ ጉልበቷ ያለቀ አንዲት እህት አውቃለሁ። አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ ቤት ተገዛላት፤ ካርታው በወንድሟ ስም ወጣ። ወንድሟ ክፉ ሰው አልነበረም። በሩ ቀለም ሲቀባ እንኳን ፎቶ ይልክላት ነበር። ይሁን እንጂ ባለትዳር ነበር፣ ትዳሩም ፈረሰ፣ ሚስቱም ድርሻዬን አለች። ሴትዮዋን ሌባ እንዳትሏት። በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 63 በግልጽ አስቀምጦታል፦ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ተጋቢ ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው።

እህታችን የሐዋላ ደረሰኞቿን በፌስታል ሞልታ መጣች። አንድ በአንድ ገለጥናቸው። ላኪ እሷ፣ ተቀባይ ወንድሟ፣ ምክንያት «ለቤተሰብ ድጋፍ»። ገንዘብ መላኳን ይናገራሉ፤ ስለ ቤት አንዲት ቃል የለባቸውም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 ደግሞ የባለቤትነት ማስረጃው በስሙ የተሰጠው ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል። ይህን ግምት የማፍረስ ሸክም የወደቀው በእሷ ላይ ነው፤ ያውም ወገቧን እያመማት። ወንድምየው ቢሞት ኖሮ ደግሞ ከልጆቹ ጋር ትሟገት ነበር፤ እነሱም የአባታችን ቤት ነው ቢሉ ምን ይፈረድባቸዋል? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

«በስሜ ይሁን ብል ወንድሜ ይቀየመኛል» ትላላችሁ። ይቀየም! ቅያሜ ሽማግሌ ይፈታዋል። በስሙ የወጣውን ካርታ የሚመልስላችሁ ሽማግሌ ግን እኔ አላየሁም። ደግሞስ ለእናንተ የሚያስብ ወንድም ስማችሁ ሰነድ ላይ ሲሰፍር ምን ይጎዳዋል? መርዳት ከፈለጋችሁ በግልጽ ርዱት። የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ክፈሉለት፣ ሱቅ ክፈቱለት፣ ቤቱ ውስጥ ያለ ኪራይ ይኑርበት። ስጦታችሁንና ንብረታችሁን አትቀላቅሉ።

4. ባል። በሕግ ያገባሽው ባልሽ በስሙ ብቻ ቢገዛ ያው አንቀጽ 63 አንቺንም ይጠብቅሻል፤ ያለ አንቺ ስምምነትም የጋራውን ቤት መሸጥ አይችልም። የጋብቻ ምስክር ወረቀትሽን ቅጂ ከእጅሽ አታውጪ። ገና እጮኛሽ ከሆነ ግን፣ ሽማግሌ ልኮ ቀለበት ቢያስርም፣ በስሙ ለሚገዛ ቤት አንድ ብር እንዳትልኪለት።